ባለቤት የሌለው ጭስ

ጎረቤቴ ቆሻሻውን ደጃፌ ላይ ቢደፋ እንጣላለን። ሽማግሌ ይገባል፤ ሲብስም እንካሰሳለን። ይኸው ሰው ማለዳ ሞተር ሲያሞቅ ጭሱ በመስኮቴ ገብቶ ልጆቼን ቢያስላቸው ግን «እንደምን አደርክ?» ብዬው አልፋለሁ። ቆሻሻው ባለቤት ሲኖረው ጭሱ ለምን አጣ?

አዲስ አበባን የሚያጥናት ብዙ ነው፤ የናፍጣው መኪና፣ እንጨቱና ከሰሉ፣ መንገድ ዳር የሚነደው ፕላስቲክ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ኦክስጅን ሲያንስ ደግሞ አሮጌ ሞተር ውስጥ ያለው ነዳጅ በቅጡ አይነድም። በበጋ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛና ጭሱን ያፍነዋል። ማለዳ ከእንጦጦ ቁልቁል ያየ ሰው ያውቀዋል።

የመኪናው ማርጀት ግን የተፈጥሮ ሥራ አይደለም። ለዓመታት ያገለገለ መኪና በዋጋም በቀረጥም ይቀልለን ነበር። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀውን አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ደግ ነው። የገቡት ግን አሉ። እኛ አገር መኪና አይሞትም፤ ጋራዥ ገብቶ ይነሣል።

ባለታክሲውን ብትናገሩት «እኔ ብቻ ነኝ ወይ?» ይላችኋል። እውነቱን እኮ ነው፤ እሱ ብቻውን ቢቆም ሰማዩ አይጠራም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ጥፋትንም እንደ ሎሚው ተከፋፍለነው ለእያንዳንዳችን የደረሰን ኢምንት ሆነ። ሳንባ ግን ድርሻ አያውቅም። የሁላችንንም ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ለደቃቁ ብናኝ ያስቀመጠውን ዓመታዊ ጣሪያ በሜትር ኩብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮ ግራም ያወረደው፣ ትንሽ የምንለውም እንደሚጎዳ ስለታየ ነው።

«ሁላችንም ጥፋተኞች ነን» የሚለውን አባባል ግን አልወደውም። ሁሉም ተጠያቂ በሆነበት አገር ማንም አይጠየቅም። መብራት ጠፍቶባት ከሰል የምታያይዘው እናትና ሞተሩን ለማሠራት ገንዘብ እያለው ጥቁር ጭስ የሚለቀው ባለሀብት እኩል አይደሉም። እሷ የራሷን ጭስ ራሷ ናት የምትጠጣው። እሱ መስታወቱን ዘግቶ፣ ለኋለኛው ትቶለት ይሄዳል።

እኛ ተሳፋሪዎችም የምንገርም ነን። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!» ብለን እንጮኻለን። ከፊታችን ያለው አውቶቡስ ጭሱን ሲተፋብን አፍንጫ መያዝ እንጂ መጮኽ የለም።

መንገድ ዳር ያለው ሊስትሮ ደግሞ የሚቀመጠው ልክ በጭስ ማውጫው ቁመት ነው። መኪና የለውም። ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላል።