ሳያውቁ ስለ ሠሩት በደል

ሰው ሳያውቅ ለሠራው ክፉ ሥራ በደለኛ ይባላልን? ይህ ጥያቄ ለነፍስ አባቶች አዲስ አይደለም። መድኃኒት ነው ብላ ለልጅዋ የሰጠችው ነገር ሞት የኾነባት እናት ለንስሐ ስትመጣ፣ «አላወቅሽምና ምንም የለብሽም» ቢሏት አትጽናናም፤ «ነፍሰ ገዳይ ነሽ» ቢሏትም ፍርዱ የቀና አይኾንም። እንግዲህ ምን ሊባል ይገባል?

ይህን ነገር የጽርእ ባለቅኔዎች አጥብቀው መርምረውታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ በአቴና ከተማ፣ ዲዮኒሶስ ለተባለው ጣዖት በሚደረገው የጸደይ በዓል፣ ተጫዋቾች ጭምብል አጥልቀው፣ መዘምራንም እየዘመሩና እያሸበሸቡ የታላላቅ ሰዎችን ውድቀት ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። ይህም ድርሰት ትራጎዲያ ይባላል። በዓሉ የጣዖት ቢኾንም ጥያቄው የሰው ልጆች ኹሉ ነው።

ከባለቅኔዎቹ አንዱ ሶፎክሊስ የኤዲጶስን ታሪክ ጻፈ። ኤዲጶስ አባቱን ገድሎ እናቱን እንደሚያገባ ትንቢት በተነገረው ጊዜ፣ አሳዳጊዎቹ ወላጆቹ መስለውት ከቆሮንቶስ ሸሸ። በመንገድም ከአንድ ሽማግሌ ጋራ ተጣልቶ ገደለው፤ ቴቤስ ገብቶም ነገሠ፤ ባሏ የሞተባትን ንግሥት አገባ። ሽማግሌው አባቱ፣ ንግሥቲቱም እናቱ ነበሩ። እውነቱ በተገለጠ ጊዜ ንግሥቲቱ ታንቃ ሞተች፤ እርሱም ዓይኖቹን በገዛ እጁ አጠፋ።

ሶፎክሊስ በእርጅናው ስለዚሁ ሰው ሌላ ድርሰት ጽፎ ነበር፤ ድርሰቱም ደራሲው ከሞተ በኋላ፣ በ401 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ለሕዝብ ታየ። በዚህኛው ዕውሩ ኤዲጶስ፣ ሳያውቅና ራሱን ሲከላከል ያደረገው ስለ ኾነ ንጹሕ እንደ ኾነ ይከራከራል። በፊት ራሱን ቀጣ፤ በኋላ ራሱን አጸደቀ።

ነገሩን ለይተን እንመልከት። ኤዲጶስ ሽማግሌው አባቱ መኾኑን አላወቀም፤ ሰው መግደሉን ግን ያውቅ ነበር። ያን ትንቢት የሰማ ሰው እጁን ከደም ሊሰበስብ በተገባው ነበር። ስለዚህ አለማወቅ በደልን ያቀልላል እንጂ የተደረገውን እንዳልተደረገ አያደርገውም።

አርስጣጣሊስ የእንዲህ ያለውን ሰው ውድቀት ምክንያት «ሐማርቲያ» ብሎታል፤ ዒላማን መሳት ማለት ነው። ሐዲስ ኪዳን በጽርእ ሲጻፍ ኃጢአት የተባለው በዚሁ ቃል ነው። የግእዙም «ኃጢአት» «ኀጥአ»፣ አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በጨለማ የወረወረ ሰው ቢያሳዝንም፣ ስቷል እንጂ አልሳተም አይባልም።

ነገር ግን ባለቅኔው ለሳተው ሰው ከማዘን በቀር ሥርየት ሊሰጠው አልቻለም። ኦሪት ግን ሳያውቅ ለበደለ መሥዋዕት ሠራች፤ ሳይፈቅድ ለገደለም የመማፀኛ ከተማ ለየችለት። ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ በዚያ ተቀምጦ፣ ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ይህም የክርስቶስ ምሳሌ ነው።

ስለዚህ ያቺን እናት እንዲህ እንበላት፤ ልጄ ሆይ፣ እጅሽ ያደረገውን አላደረግሽውም አልልሽም፤ ያላወቅሽውንም እንዳወቅሽ አድርጌ አልፈርድብሽም። ቸልታ ነበረብኝ ብትዪ ስለ እርሱ ንስሐ ግቢ። ዓይንሽን ግን በልቅሶ አታጥፊ፤ ሊቀ ካህናቱ ስለ አንቺ ሞቷልና ወደ ቤትሽ ተመለሺ።