ሲወድቅ ማን ያነሳዋል?

ጋይንት ውስጥ ነፋስ መውጫ ከተማ ላይ ከአንድ ሻይ ቤት በር ሁለት ግዙፍ ሞተር ሳይክሎች ቆመው አየሁ። ባለቤቶቻቸው ከላሊበላ ተነስተው ወደ ባሕር ዳር የሚወርዱ ፈረንጆች ናቸው፤ ውስጥ ገብተው ሻይ ይጠጣሉ። የሞተሮቹ ግራና ቀኝ በአሉሚኒየም ሣጥን ታጥሯል፣ ከኋላም ሌላ ሣጥን ተጭኗል፣ ከፊት ሰፊ የነፋስ መከላከያ መስታወት ተገትሯል፤ ኮርቻው እንደ ሳሎን ወንበር ያበጠ ነው። ልጆች በመስታወቱ ፊታቸውን ያያሉ፣ ጎረምሶች አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ግን ገበያ ላይ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው አንዱን ሞተር ዞረው ዞረው አዩትና ወደ እኔ መለስ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«ከነጓዙ ሦስት መቶ ሳይሞላ አይቀርም፣ አባባ።»

«ሦስት ኩንታል! ታዲያ ሲወድቅ ማን ያነሳዋል?»

የሞተሩ ባለቤት ሻዩን ጨርሶ ሲወጣ የሽማግሌውን ጥያቄ ተረጎምኩለት። ሳቀና ጓደኛውን በጣቱ አሳየኝ፤ ለሁለት ነው የምናነሳው ማለቱ ነው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ ብቻውን መንገድ አይወጣማ» አሉና ወደ ገበያቸው ሄዱ።

እኔ ደግሞ እሳቸው ጥለውት የሄዱትን ጥያቄ ይዤ ቀረሁ። የረጅም መንገድ ሞተር የሚገዛ ሰው ብዙ ነገር ያመዛዝናል፤ ኮርቻው፣ ነፋስ መከላከያው፣ የሞላው ልስላሴ፣ የሣጥኑ ስፋት፣ ዋጋው። ሁሉም የሚመዘኑት ግን ሞተሩ ቆሞ ወይም ሲሄድ ነው። ወድቆ ሳለ የመዘነው የለም። ሽማግሌው የጀመሩት ከውድቀቱ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ከነጭነቷ የወደቀች አህያ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ከዚያ ሌላ ከየት ይጀምራሉ?

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ጥበብ ይገርመኛል። ወንበሩ «ተመቸኝ» እንላለን። ሸክሙ «ከበደኝ» እንላለን። ዕቃው «ተወደደብኝ» እንላለን። ሦስቱም ግሦች ጭራቸው ላይ አንድ ሰው አንጠልጥለዋል። ምቾት የወንበሩ ንብረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያቺ «ኝ» ባላስፈለገች ነበር። «ይህ ሞተር ምቹ ነው» የሚል ማስታወቂያ ስናነብ ታዲያ ቋንቋችን ራሱ «ለማን? የት ላይ?» ብሎ ያፋጥጠናል። ለአስፋልቱ የተመቸው ለኮረኮንቹ ላይመች፣ ለነጂው የተመቸው ከኋላ ለተፈናጠጠችው ላይመች ይችላል።

ይኸው ቋንቋ በሌላ በኩል ያሳስተናል። ልጅን ከበደ ብለን እንሰይማለን፤ ቀለለ ብሎ የሰየመ አባት ግን አልገጠመኝም። ከባድ ሰው ማለት የተከበረ ሰው ነው፣ ቀለል ያለ ሰው ሲባል ደግሞ ምን ለማለት እንደተፈለገ ሁላችንም እናውቃለን። ክብደትን ከክብር ጋር ካጋባን ቆይተናል። ስለዚህ ትልቅ ሞተር የሚሻ ሰው «ለወገቤ ስለሚመቸኝ ነው» ሲለኝ ግማሹን ብቻ አምነዋለሁ። ሌላው ግማሽ የሚመቸው ለስሙ ነው። ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ ሂሳቡ ላይ ግን ይጻፍ።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገደኛ ለምቾት ሲያስብ የኖረው በበቅሎ ነው። ፈረስ ለጦርና ለጉግስ፣ በቅሎ ለመንገድ። ከበቅሎም ደግሞ ሰጋሯ ትመረጣለች፤ የአንድ ጎን እግሮቿን አብራ እያነሳች፣ የተቀመጠባትን ሳታንገጫግጭ እንደ ውኃ የምትፈስ። የሰጋር በቅሎ ዋጋ ከተራዋ የሚልቀው ሥጋዋ ስለበዛ ወይም ኮርቻዋ ስለወፈረ አይደለም። ምቾቷ ያለው በአረማመዷ ነው፤ አረማመድ ደግሞ ኪሎ የለውም። ይህን ነገር ቆም ብለን እናስብበት። በክብደት የሚገዛ ምቾት አለ፣ በአካሄድ የሚገኝ ምቾት አለ። የመጀመሪያውን ማንም ባለገንዘብ ይጨምረዋል፤ ሁለተኛው ግን ከአወላለድና ከአገራር ነው የሚመጣው።

የዱሮ መንገደኛ ሌላም የገባው ነገር ነበር። ሰው በሰጋር በቅሎ ይቀመጣል፣ ጓዙ በአጋሰስ ወይም በአህያ ይጫናል። ድንኳኑን፣ ስንቁንና ማሰሮውን በሰጋሯ ላይ የሚጭን ሞኝ አልነበረም፤ በጫነባት ጊዜ ስግሪያዋን ያጠፋባታልና። ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ደግሞ የተከበረው ሰውም ቢሆን ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። የጨጨሆን ገደል በቅሎው ላይ ተቀምጦ ለመውረድ የሚደፍር ብዙ አልነበረም። ትልቁ የጉዞ ሞተር ሰጋርንና አጋሰስን በአንድ ገላ ያዳቀለ ፍጡር ነው። ቁልቁለት ላይ ወርደህ «ሂድ» ብትለው ደግሞ አይሄድልህም።

ነገሩ በአንድ ቀን እንዲህ አልሆነም። የጃፓኑ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የተባለውን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1975 ሲያወጣ የነፋስ መከላከያም ሣጥንም አልነበረውም፤ 999 ሲሲ ሞተር ያለው ራቁቱን የቆመ ማሽን ነበር። አሜሪካውያን ነጂዎች ናቸው መከላከያውንም ሣጥኑንም እየገዙ መግጠም የጀመሩት። ፋብሪካው ይህን አይቶ በ1980 ከነመከላከያውና ከነሣጥኑ ሠራው። ሞተሩ እያደገ፣ ኮርቻው እየሰፋ፣ ሙዚቃው እየተጨመረ ሄዶ በ1988 ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሲወጣ አንድ አዲስ ነገር ይዞ መጣ፤ የኋላ ማርሽ። ሞተር ሳይክል ወደ ኋላ መመለስ ሲኖርበት ባለቤቱ በእግሩ ገፋ ገፋ ያደርገዋል። ይኼኛው ግን በሰው እግር የሚገፋ ስላልሆነ የማስነሻው የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲገፋው ተደረገ። ለምቾት ሲባል ክብደት ተጨመረ፤ ለክብደቱ መላ ሲባል ሌላ ዕቃ ተጨመረ፤ ያም ዕቃ የራሱ ክብደት አለው። በ2018 ፋብሪካው ቆም ብሎ አዲሱን ከቀዳሚው ከ30 ኪሎ በላይ ቀነሰለት። ይህም ሆኖ የሙሉ ጓዙ ዓይነት 380 ኪሎ ገደማ ነው። አራት ኩንታል ሊሞላ ሃያ ኪሎ ቀረው እንበል።

ዋጋውን ብዙ ማውራት አያስፈልግም። አሜሪካ ላይ ከ25,000 ዶላር በላይ የሚሸጥ ነገር በእኛ ቀረጥና በእኛ የውጭ ምንዛሪ ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያሰላዋል። ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ደብረ ታቦር ላይ ጎማው ቢፈነዳ ምን ሊኮን ነው የሚለው ነው። ቦክሰር ለሚባለው ትንሹ የህንድ ሞተር ጎማ የማያጣ፣ ካርቡሬተር ፈትቶ የሚያጸዳ ልጅ በየከተማው አለ። መለዋወጫ በቅርብ ማግኘት ራሱ አንድ ምቾት ነው፤ በየትኛውም የሞተር መግለጫ ወረቀት ላይ ግን ተጽፎ አላየሁም።

ከፍታውም አለ። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንን የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ክብደቱ ግን አይወርድም። ሦስት ኩንታል ባሕር ዳርቻም ሦስት ኩንታል፣ ጉና ተራራ ሥርም ሦስት ኩንታል ነው።

ስለዚህ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ገጠሮች የሚዘልቀው ያ የህንዱ ቦክሰር ነው። ከአንድ ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ፣ ሞተሩ ከ100 እስከ 150 ሲሲ። ኮርቻው ጠባብ ነው፣ ሞላው ደረቅ ነው፣ ነፋስ መከላከያው የነጂው በርኖስ ነው። ኮረኮንች ላይ አንድ ሰዓት የተቀመጠበት ሰው ሲወርድ ረጅም ዳገት እንደ ወጣ ሰው ወገቡን ይዞ ይቆማል። ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ ግን ነጂው ይሰድበዋል፣ ያነሳዋል፣ ይሄዳል። ፈሳሽ ውኃ ሲያጋጥመው ሁለት ሰው ተሸክሞት ይሻገራል። ተሸክሞህ የሄደ ነገር ሲቸግረው አንተም ልትሸከመው መቻልህ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የመንገድ ወዳጅነት ማለት ይኸው ነው።

የዚህ አገር ምድር ስለ ክብደት ከሞተር በፊትም የሚያውቀው ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሠራተኞች ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ሰባ ኩንታል። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ሲነሱ ይህን መድፍ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በሠረገላ እየጎተቱ፣ ጋይንትን አቋርጠው፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ወጡ፤ የዥጣን ገደል ወረዱ፣ ደላንታን አልፈው የበሽሎን ገደል ወረዱ፣ መቅደላም በመጋቢት ደረሱ። ግማሽ ዓመት ያህል መሆኑ ነው። መድፉ የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ መንገዱ ከፊት ከፊቱ እየተሠራ ነበር የሄዱት፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ። በዚያው ጊዜ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነስቶ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲመጣ ከባድ መድፎቹን በ44 ዝሆኖች፣ 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑትን የተራራ መድፎች ደግሞ በበቅሎ ጭኖ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከዚህ ታሪክ «ቀላል ሁሌም ያሸንፋል» የሚል ነገር ማውጣት ይቀል ነበር። እኔ ግን አላደርገውም፤ ምክንያቱም እንግሊዞች የዥጣን ገደል የተሻገሩት ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ባሠሩት መንገድ ነው። ከባዱ መንገዱን ጠረገ፣ ቀላሉ አለፈበት። ዛሬም ፈረንጆቹ ያንን የሚያህል ሞተር ይዘው ነፋስ መውጫ ሻይ ሊጠጡ የቻሉት በደርግ ዘመን በቻይናዎች እርዳታ የተሠራው የወረታና የወልድያ መንገድ ስላለ ነው። የኮርቻው ልስላሴ ሙሉ በሙሉ የኮርቻው አይደለም፤ አብዛኛው ከአስፋልቱ የተበደረው ነው። ያን ብድር መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይጠየቁታል።

ደግሞ ሸክም ሁሉ ይቀነስ ማለትስ ይቻላል? በስማዳ ቆላ ምጥ የጠናባትን ሴት ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት ቃሬዛ ነው። ተሸካሚዎቹ እየተፈራረቁ ዳገቱን ይወጣሉ፤ እሷ እንዳትንገጫገጭ እርምጃቸውን ያሳጥራሉ፣ አንዱ ቢሰናከል ሌላው ትከሻውን ያስገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። እዚያ ላይ የአንዷ ምቾት በስምንት ትከሻ ተከፍሏል፣ ተሸካሚውም ለማን እንደሚሸከም ያውቃል፣ ነገ ተራው የእሱ ሚስት እንደሚሆን ያውቃል። የትልቁ ሞተር ባለቤት ጭቃ ላይ ሲወድቅ የሚሮጥለት የአገሬው ሰው ግን ያንን ክብደት አልመረጠውም። በደግነቱ ያነሳለታል እንጂ በሂሳቡ ውስጥ አልነበረም።

ለትልቁ ሞተር የሚከራከር ሰው አንድ ጠንካራ ነገር አለው፤ እሱንም መካድ አልችልም። የደከመ ሰው ይወድቃል። ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም፤ ያ ነፋስ ቀኑን ሙሉ ደረትህን ሲመታህ ከዋለ ማታ ላይ ኩርባው አይታይህም። መስታወት ያለው፣ ክብደቱ መሬት የሚያስይዘው ማሽን ነጂውን ትኩስ አድርጎ ያደርሰዋል። እውነት ነው። ድካምን የሚቀንስ ምቾት ቅንጦት አይደለም፤ እንደ ፍሬን ነው። ችግሩ ድካም የሚቀንሰው ዕቃ ጥቂት ኪሎ መሆኑ ነው፤ መስታወት፣ ጥሩ ኮርቻ፣ ቀጥ ብሎ የሚያስቀምጥ መሪ። የቀረው ሁለት ኩንታል ከድካም ጋር ዝምድና የለውም። እሱ የመጣው «ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል» ከሚለው ፍርሃት ነው፤ እኔ እንዳየሁት ደግሞ ከመንገደኛ ጓዝ ሁሉ ከባዱ ይኸው «ምናልባት» ነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለጋይንትና ለአካባቢዋ አንድ ሰው ከጭቃ ብቻውን ሊያነሳው ከሚችለው በላይ የሆነ ሞተር፣ ኮርቻው የቱንም ያህል ቢለሰልስ፣ ምቹ አይባልም። ከዚያ በታች ላለው ግን ለኮርቻው ገንዘብ አትሰስት፤ ከኋላ ለምትቀመጠውም አስብ።

ሞተር ልትገዛ መደብር ከገባህ ደግሞ ኮርቻው ላይ ከመቀመጥህ በፊት ሻጩን «መሬት ላይ ላስተኛውና ብቻዬን ላንሳው» በለው። እንደማይፈቅድልህ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠይቀው፤ ፊቱን ስታየው ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ትረዳለህ።