የላይ ጥርስ

ልጆቼ፣ በእናንተ ዕድሜ ሰው ስለ ብዙ ነገር እርግጠኛ ነው። እስቲ እኔ ስለ አንዲት የወተት ጥርስ ላጫውታችሁ።

ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወሩ ገደማ መጀመሪያ የታች ጥርሱን ያበቅላል። ጥቂቶች የላዩን ያስቀድማሉ፤ በጤናቸው ላይ የሚያመጣው ነገር የለም። በኦሞ ሸለቆ በሚኖሩት በካራ፣ በሐመርና በበና ሕዝቦች ዘንድ ግን እንዲህ ያለው ልጅ «ሚንጊ» ይባል ነበር። መንታም፣ ያለ ሽማግሌ ምርቃት የተፀነሰም እንደዚያው። ሚንጊ ከመንደር ካልራቀ ዝናብ ይጠፋል፣ ከብት ያልቃል፣ በሽታ ይገባል ተብሎ ስለሚታመን ልጁ ወንዝ ወይም ጫካ ይጣል ነበር።

ያን ያደረጉትን ጨካኞች ናቸው ብላችሁ አትለፏቸው። ፈርተው ነው። ፍርሃታቸውን ያጸናው ደግሞ አጋጣሚ ነው። የኦሞ ቆላ ዝናብ ልማዱ መዋዠቅ ነው። ልጁ ተጥሎ ከዘነበ «ይኸው!» ይባላል፤ ተጥሎም ካልዘነበ የተደበቀ ሌላ ሚንጊ ይፈለጋል። ሰማዩ ያሻውን ቢያደርግ እምነቱ አይረታም። እኔን ከድርቅ ይልቅ የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው እርግጠኝነት ነው።

ላሌ ላቡኮ የካራ ልጅ ነው። በ15 ዓመቱ ገደማ አንድ ሕፃን ወደ ወንዝ ሲወሰድ አየ። እናቱን ሲጠይቃት፣ ከእሱ በፊት የተወለዱ ሁለት እህቶቹም ሚንጊ ተብለው መሞታቸውን ነገረችው። አስቡት፤ እሱን ከእህቶቹ የለየው ብልህነቱም ምግባሩም አይደለም። ምልክቱ እሱ ላይ ቢወጣ ኖሮ ላሌ የሚባል ሰው አናውቅም ነበር። ኋላ ሚንጊ የተባሉ ልጆችን እየታደገ እዚሁ ጂንካ ማሳደግ ጀመረ፤ የካራ ሽማግሌዎችም እ.ኤ.አ. በ2012 ልማዱን አስቀሩ።

የሽማግሌዎቹን ውሳኔ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ልማዱ ስህተት ከነበረ የገዛ ልጆቻቸው በከንቱ ሞተዋል ማለት ነው። ይህን እያወቁ «ይብቃ» ማለት ከየትኛውም ጀግንነት ይበልጥብኛል።

እናንተ የተማራችሁ ደግሞ ከእንዲህ ያለው እርግጠኝነት ነፃ አይደላችሁም። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ «በጉብዝናዬ ነው» ይላል። ጥሯል፣ አልክድም። ግን ትምህርት ቤት ደጃፍ የተወለደው በማን ጉብዝና ነው? በአእምሮ የማያንሰው እኩያው ዛሬ ኦሞ ዳር ፍየል ይጠብቃል። የወደቀውም በአንድ ፈተና ውጤት ራሱን «ሰነፍ» ብሎ አይሰይም። ስለዚህ አንድ ነገር «በዚህ ምክንያት ሆነ» ስትሉ፣ ምክንያቱ እያለ ነገሩ ያልሆነባቸውን ጊዜያት ፈልጉ። ካላገኛችሁ በደንብ አልፈለጋችሁም ይሆናል።

ከሞት የተረፉት ልጆች ዛሬ በመካከላችን እየኖሩ ነው። «ሚንጊ» የሚለውን ቃል በቀልድም ቢሆን አታንሱባቸው፤ በስማቸው ጥሯቸው።