ምሕረትና ሕግ፤ የበጎ አድራጎት ሥራ የማን ነው?

ክርስቲያን የተራበውን ሲያበላ፣ የታረዘውን ሲያለብስ፣ የታመመውን ሲጠይቅ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም፤ ትእዛዙን የተቀበለው ከጌታው ነውና። ይሁን እንጂ ይኸው ክርስቲያን ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ተባብሮ ክሊኒክ ሲከፍት፣ የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሲያሳድግ ሥራው ከግል ምጽዋት አልፎ የማኅበር ሥራ ይሆናል። ማኅበር ደግሞ ስም፣ ማኅተም፣ የባንክ ሒሳብና ሠራተኛ ያስፈልገዋል፤ እነዚህም ሁሉ የሚጸኑት በመንግሥት ሕግ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚታወጅ አንድ አንቀጽ፣ በሩቅ ቁምስና የምትኖር አንዲት እናት መድኃኒት ማግኘት አለማግኘቷን ሊወስን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄም ይኸው ነው፦ መንግሥት በምሕረት ሥራ ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው? የምሕረትን ሥራ የሚሠሩትስ ለማን መልስ መስጠት ይገባቸዋል?

ከሁሉ አስቀድመን የመንግሥትን ድርሻ ማቃለል አይገባንም። በድሆች ስም ገንዘብ ይሰበሰባል፤ በድሆች ስም የተሰበሰበ ገንዘብ የት እንደ ገባ መጠየቅ ደግሞ የመንግሥት መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድሆች መዋጮ ባሰባሰበ ጊዜ ገንዘቡን ብቻውን ሊይዝ አልፈለገም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ታማኞች አብረውት እንዲጓዙ አደረገ፣ ማንም እንዳያማውና እንዳይጠረጥረው። ሐዋርያትም በዕለታዊው እደላ ላይ የመበለቶች ቅሬታ በተሰማ ጊዜ ጠያቂዎቹን አልገሠጹም፤ ለሥራው የሚበቁ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ እንጂ። ስለዚህ ቁጥጥር የፍቅር ጠላት አይደለም። ጥያቄው ቁጥጥሩ ለማን ይጠቅማል፣ በምንስ ይለካል የሚለው ነው።

በሀገራችን የዘመናዊ በጎ አድራጎት ታሪክ ከረሃብ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የወሎ ረሃብ በደረሰበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ የክርስቲያን ድርጅቶች ተሰባስበው ዛሬም ያለውን የክርስቲያን የዕርዳታና የልማት ማኅበራት ኅብረት መሠረቱ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜም ብዙ ድርጅቶች ከውጭም ከውስጥም ተነሡ። ማኅበራትን የሚገዛው ሕግ ግን ለረጅም ዘመን በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። የድርጅቶቹ ቁጥር እየበዛ በሄደ መጠን አዲስ ሕግ ማስፈለጉ አልቀረም፤ ሆኖም የመጣው ሕግ ብዙዎች የጠበቁት ዓይነት አልነበረም።

አዋጅ ቁጥር 621/2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችንና ማኅበራትን በሦስት ከፈላቸው፦ የኢትዮጵያ፣ የኢትዮጵያ ነዋሪዎችና የውጭ በሚል። የኢትዮጵያ የሚለውን ስም ለማግኘት አንድ ድርጅት ከገቢው ከመቶ 10 እጅ በላይ ከውጭ መቀበል አይችልም ነበር። በሰብዓዊና በዴሞክራሲያዊ መብቶች፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በጾታና በሃይማኖት እኩልነት፣ በፍትሕ አሰጣጥ፣ እንዲሁም በግጭት አፈታትና በዕርቅ ጉዳይ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ደግሞ እነዚሁ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ማብላት፣ ማከምና ማስተማር ይችሉ ነበር፤ ስለ መብት መናገር ግን አይችሉም ነበር። የሃይማኖት ተቋማት ራሳቸው፣ እንዲሁም ዕድርና ዕቁብ ከአዋጁ ውጭ ነበሩ፤ አብያተ ክርስቲያናት ያቋቋሟቸው የልማት ድርጅቶች ግን እንደማንኛውም ድርጅት ተመዝግበው በዚሁ ሕግ ሥር ውለዋል።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። ለተበደሉ ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ የባንክ ሒሳባቸው ታገደ፤ ሠራተኞቻቸውን ቀነሱ፤ ጉባኤው አብዛኞቹን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶቹን ዘጋ። ሌሎች ብዙ ድርጅቶች ደግሞ ከሰነዳቸው ላይ «መብት» የሚለውን ቃል ፍቀው «አገልግሎት» በሚለው ተኩ። ቃል መለወጡ ቀላል ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ባሏ የሚደበድባት ሴት ቁስሏን የሚያጥብላት ክሊኒክ አግኝታ፣ «ይህ በደል ነው፤ ፍርድ ቤት እንሂድ» የሚላት ሰው ብታጣ ምሕረቱ ሙሉ ነው እንላለን?

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ አንዱን ሥራ ለሁለት ከፈለው፤ ርኅራኄን በአንድ ወገን፣ ፍትሕን በሌላ ወገን አቆመ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ሁለቱ እንደሚለያዩ ቢያስተምርም እንደሚፋቱ አያስተምርም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2005 በጻፉት የመጀመሪያ ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ ፍትሓዊ ሥርዓት መገንባት ቀዳሚ የፖለቲካ ተግባር መሆኑን፣ ነገር ግን የቱንም ያህል ፍትሓዊ የሆነ መንግሥት ፍቅርን ትርፍ ነገር ሊያደርገው እንደማይችል አስተምረዋል። ነቢዩ አሞጽም እግዚአብሔር ፍትሕ የሌለበትን መሥዋዕት እንደሚጠላ ነግሮናል። ለተራበ ሕፃን እንጀራ የሚሰጥ ሰው፣ «ይህ ሕፃን ለምን ተራበ?» ብሎ መጠየቁ የእንጀራው ተከታይ ነው፤ ከፖለቲካ ጥማት የመጣ አይደለም። በተለይም ዕርቅ በተከለከሉት ሥራዎች መካከል መቆጠሩ ለእኛ ከባድ ነበር፤ ማስታረቅ ለክርስቲያን የእምነቱ እምብርት ነውና።

ለሕጉ የቀረበውን ምክንያት ግን በቅን ልብ ልንሰማው ይገባል። የአንድ ሀገር የፖለቲካ መብት የዜጎቿ ጉዳይ ነው፤ የባዕድ ገንዘብ ድምፃቸውን ሊመራው አይገባም ይባል ነበር። በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ። የተከራየ ድምፅ የባለቤቱ ድምፅ አይደለም፤ አባቶቻችንም «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለዋል። ነገር ግን ክርክሩ አንድ ነገር ዘንግቷል። ድኻው ለጠበቃ የሚከፍለው፣ ለማኅበር የሚያዋጣው ገንዘብ የለውም። የውጭውን በር ዘግቶ የውስጡን ሳይከፍቱ መተው፣ መብቱን ለመጠየቅ አቅም ላለው ብቻ ማስቀረት ነው። ዐይነ ስውሩ ልጅ ትምህርት ቤት እንዲገባ መጠየቅ ደግሞ የባዕድ ፖለቲካ አይደለም።

ሌላው የሕጉ ክፍል የወጪ ድርሻ ነበር፦ ከመቶ ከ30 እጅ ያልበለጠ ለአስተዳደር፣ የቀረው ለዓላማው። አሳቡ መልካም ነው፤ በድሆች ስም በመጣ ገንዘብ የቢሮ ምቾት መግዛት ነውር ነውና። ጉዳቱ የመጣው ከትርጓሜው ነው። አዋጁን ተከትሎ የወጣው መመሪያ ሥልጠናን፣ የጉዞ ወጪንና የክትትልን ሥራ ሳይቀር በአስተዳደር ወጪ ውስጥ ቆጠረ። ደጉን ሳምራዊ እናስታውስ። በቁስለኛው ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፤ በራሱ አህያ ጭኖ ወሰደው፤ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፍሎ የሚተርፈውን ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። በመመሪያው ዐይን ዘይቱና ወይኑ ዕርዳታ፣ አህያውና የክትትሉ ጉዞ ግን አስተዳደር በሆኑ ነበር። ሆኖም አህያው ባይኖር ቁስለኛው በመንገድ ላይ ይሞት ነበር። የአካል ጉዳተኞችን ቤት ለቤት የሚጎበኝ ሠራተኛ፣ አዋላጆችን የሚያሠለጥን መምህር ሥራቸው ራሱ ዕርዳታው ነው።

በ2011 ዓ.ም. ይህ ሕግ ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ። የ10 በመቶው ገደብ ተነሣ፤ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ዝቅ ብሎ ትርጓሜው ግን ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የማይገናኘውን ወጪ ብቻ የሚመለከት ሆነ። ቀድሞ የነዋሪዎችና የውጭ ድርጅቶች በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ውሳኔ ላይ ወደ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት አይችሉም ነበር፤ አዲሱ ሕግ ይህን በር ከፈተ። ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ነው። ነገር ግን መልካም ሕግ የሚለካው በአፈጻጸሙ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የተወሰኑ የመብት ድርጅቶች በባለሥልጣኑ ታግደው ነበር፤ በኋላ እገዳው የተነሣላቸው ቢኖሩም ሥራቸው በዚያው መካከል ተቋርጧል። ማኅበር ሲታገድ ባለጉዳዮቹ በሩ ላይ ቆመው ይመለሳሉ።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥያቄ መመዘኛ አላት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931፣ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1991 ያስተማሩት መርህ በአጭሩ ይህ ነው፦ ታናሹ ኅብረት በራሱ ሊሠራው የሚችለውን ታላቁ ሊነጥቀው አይገባም፤ ታናሹ ሲያቅተው ግን ታላቁ ሊደግፈው ይገባል። ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ዕድራችን ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው፣ ድንኳን የሚተክለውና ቀባሪ የሚያቆመው የመንግሥት ትእዛዝ ሳይጠብቅ ነው። መንግሥት ዕድርን ሊተካ ቢሞክር ልቅሶው ያለ ጎረቤት ይቀራል፤ ዕድርም የሆስፒታልን ሥራ ልሥራ ቢል አይችልም። እያንዳንዱ በቦታው ሲሆን የጋራው ጥቅም ይጠበቃል።

የሚነካን ሕግ ደግሞ የሀገራችን ብቻ አይደለም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የዕርዳታ እህል በስፋት መሰረቁ ስለ ታወቀ፣ የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ሀገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቋረጡ፤ ለአብዛኞቹ ተረጂዎች እደላው እንደገና የተጀመረው እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ወራት ከፈጀ በኋላ ነበር። ሌባውን መያዝ ተገቢ ነው። ሆኖም በእነዚያ ወራት የቅጣቱን ሸክም የተሸከመው ሰራቂው ሳይሆን ራብተኛው ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ ዕርዳታን አገደ፤ የዕርዳታ መሥሪያ ቤቱም ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ ሥራውን አቆመ። ከዚህ ገንዘብ ብዙ ድርሻ ይቀበል የነበረው የአሜሪካ ካቶሊካውያን የዕርዳታ ድርጅት ሲ.አር.ኤስ. ሠራተኞቹን ለመቀነስና ፕሮግራሞችን ለማጠፍ ተገደደ። በባሕር ማዶ የተፈረመ ወረቀት በእኛ መንደር ጎተራውን ባዶ አደረገ። እንግዲህ የ2001ዱ ሕግ የውጭ ገንዘብን በፈቃዱ ገደበ፤ በ2017 ገንዘቡ ራሱ ሄደ። ሁለቱም አንድ ትምህርት ይሰጡናል፦ ምሕረታችን በሌሎች ኪስ ላይ ብቻ ከቆመ፣ የምንወደውን ሰው የምንረዳው ሌሎች እስከ ፈቀዱ ድረስ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊካውያን ከሀገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበርን። በቁጥር ጥቂቶች መሆናችን ግን ከኃላፊነት አያድነንም። በመጀመሪያ፣ በየቁምስናው ለድሆች የሚሰበሰበው ገንዘብ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ የራሳችን ይሁን፤ ገቢውና ወጪውም በምእመናን ፊት ይነበብ። ሒሳቡን ለጉባኤው የሚያነብ ቁምስና፣ መንግሥት ሒሳብ ሲጠይቀው አይደነግጥም፤ መንግሥትም ከልክ ሲያልፍ በንጹሕ ኅሊና ሊናገር ይችላል። ሁለተኛ፣ ካተኪስቶች የምሕረትን ሥራዎች ሲያስተምሩ ፍትሕን አብረው ያስተምሩ፤ ስለ ማኅበራት የወጣውን ሕግ ማወቅም የምእመን ግዴታ መሆኑን ያስረዱ፤ ሕግ ሲረቀቅ አስተያየት መስጠት የዜጋ መብት ነውና። ሦስተኛ፣ የዕርዳታ ሥራ ሲቋረጥ ዝም ብለን አንበተን፤ ማን እንደ ተጎዳ በስም እንወቅ፣ ከወረዳውና ከቀበሌው ባለሥልጣናት ጋር በአክብሮት እንነጋገር፣ ከዕድሮችና ከሌሎች እምነት ወንድሞቻችን ጋር እንተባበር።

ውድ ምእመናን፣ ለጥያቄያችን መልሱ እንግዲህ ይህ ይመስለናል፦ የምሕረት ሥራ የመንግሥት ንብረት አይደለም፤ የድርጅትም ንብረት አይደለም። የእግዚአብሔር ነው፤ ባለ መብቱም ድኻው ነው። መንግሥት የሚያወጣው ሕግ፣ ድርጅት የሚያወጣው ዕቅድ፣ ቁምስናም የሚያደርገው መዋጮ በአንድ ጥያቄ ይመዘናል፦ ድኻው ከዚህ በኋላ ወደ እንጀራውና ወደ ፍትሑ ቀረበ ወይስ ራቀ? ሕጉ ሲያቀርበው እንታዘዘዋለን፣ እናመሰግናለን፤ ሲያርቀው ደግሞ በትሕትና፣ ነገር ግን ሳንፈራ፣ እንዲታረም እንጠይቃለን። ይህን ጥያቄ ለማንሣት ብርታቱን፣ ራሳችንም ለመመዘን ቅንነቱን እግዚአብሔር ይስጠን።