ሳንቃውን የለወጠው ማን ነው?

ፕሉታርክ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ እንደ ነገረን፥ የአቴና ሰዎች ጀግናቸው ቴሴዎስ የተመለሰባትን መርከብ ለብዙ ዘመን ጠብቀው አኑረዋት ነበር። የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በምትኩ ጽኑ እንጨት ስላገቡባት፥ ፈላስፎች ይህች መርከብ ያችው የጥንቷ ናት ወይስ ሌላ እያሉ ተከራከሩባት። በ17ኛው መቶ ዓመትም ቶማስ ሆብስ የተባለው እንግሊዛዊ፥ የወጣውን አሮጌ ሳንቃ ሁሉ አንድ ሰው አጠራቅሞ በቀድሞው ተራ ቢያያይዘው ከሁለቱ እውነተኛዋ የትኛዋ ትሆናለች ብሎ ነገሩን ይብሱን አወሳሰበው።

እኛ ግን ይህ ክርክር በተነሣ ቁጥር የምናስበው ሌላ ነው። ስለ ሳንቃው ይህን ያህል ሲጻፍ፥ ሳንቃውን ስለ ለወጠው ሰው እምብዛም አይነገርም። ሳንቃ ራሱን አይለውጥም። አንድ ሰው ከመርከቢቱ ሥር ጎንበስ ብሎ፥ እንጨቱን በጣቱ ተጭኖ፥ ይህ በስብሷል፥ ያ ገና ነው ብሎ መፍረድ ነበረበት፤ ከዚያም አዲሱን ከአሮጌው ጋር ልዩነቱ እንዳይታወቅ አድርጎ መግጠም። ሥራው ሠመረ የሚባለው ባልታየ ጊዜ ነውና ስሙም አብሮ ጠፋ። እንግዲህ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ነገርን የሠራ ሰው ክብር ይገባዋል፤ የተሠራው እንዳይፈርስ የሚጠብቀውስ ከእርሱ ያንሳልን?

መልሱን በሐሳብ ብቻ ከመፈለግ ይልቅ ጥያቄው የዕለት ኑሮ ወደ ሆነበት ስፍራ መሄድ ይሻላል፤ እርሱም በእንግሊዝ አገር በከተማና በእርሻ መካከል የሚያልፈው የጀልባ ቦይ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን። በ1761 የብሪጅዋተር መስፍን ከዎርስሊ ወደ ማንቸስተር ከሰል የሚያጓጕዝበትን ቦይ ከፈተ። በዚያ ሥራ የታወቀው መሐንዲስ ጄምስ ብሪንድሊ ኋላ በትሬንትና በመርሲ ወንዞች መካከል ቦይ ሲያወጣ፥ እንግሊዞች ሎክ የሚሉትን የውሃ ደረጃ፥ ማለት ጀልባን ከዝቅተኛው ውሃ ወደ ከፍተኛው የሚያነሣውን ባለ በር ጕድጓድ፥ ስፋቱን ከ2 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ብቻ አደረገው። ያ ልክ እስከ ዛሬ ጀልባውን ይገዛል፤ ስፋቱ ወደ 2 ሜትር፥ ርዝመቱ እስከ 22 ሜትር ነው። በጣና ላይ ታንኳ ያየ አንባቢያችን ይህን በአእምሮው ለመሳል ቢቸገር አይፈረድበትም፤ ከጀልባ ይልቅ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ረጅም መተላለፊያ ይመስላል።

በጥንት ዘመን በፈረስ እየተጎተተ ከሰልና ሸክላ ይጭን ነበር። የባቡር ሐዲድ ጭነቱን ሲሻማቸው፥ ገቢያቸው የቀነሰባቸው ብዙ ጀልበኞች ቤተሰባቸውን ወደ ጀልባው አምጥተው ርዝመቷ 3 ሜትር በምታህል ክፍል ልጆች አሳደጉ። የ1962 እና የ1963 ክረምት ብርቱ በረዶ ጀልባዎቹን ለሳምንታት በቦታቸው ቆልፎ ከጭነት ንግዱ የተረፈውን አብዛኛውን ጨረሰው። ዛሬ በጀልባዎቹ የሚኖሩት ከፊሎቹ ኑሮውን ወደው፥ ከፊሎቹም የቤት ዋጋ ከብዷቸው ነው።

አሁን የሚሠራው ጀልባ ብረት ነው፤ የተለመደው ልክ ለወለሉ 10፥ ለጎኑ 6፥ ለጣራው 4 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ቀጭን ብረትና በውሃው መካከል የሚቆመው ሬንጅ ነው። ስለዚህ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ጀልባው ከውሃ ይወጣና ባለቤቱ ከሥሩ ገብቶ ዝገቱን ይፍቃል፥ ሬንጁንም ደጋግሞ ይቀባል። በጎኑም የማግኒዚየም ቁራጭ ይበየድበታል፤ ይህ ብረት ከጀልባው ቀድሞ እንዲበላ የተሰጠ ነው፤ አልቆ መገኘቱም ሥራውን መሥራቱን ያስረዳል። ከዚህ ሁሉ አንዱም ለመንገደኛ አይታይም። መንገደኛው ፎቶግራፍ የሚያነሣው በበሩ ላይ የተሣለውን ጽጌረዳና ግንብ ነው፤ ሬንጁን ያደነቀ ሰው የለም።

የዕለቱ ሥራ ደግሞ ከዚህም ያነሰ፥ ከዚህም የማይታለፍ ነው። ሞተሩ ከውስጥ፥ ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለር ከውጭ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ የጀልባውን ግድግዳ ሰንጥቆ ያልፋል። በዚያ ቀዳዳ ውሃ እንዳይገባ ግራሶ ይሞላበታል፤ ባለቤቱም ከጕዞ በኋላ የግራሶውን መዘውር ጥቂት ያዞረዋል። ሥራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ የዘነጋው ሰው ግን ሌሊት የጠብታ ድምፅ ይሰማል። በፕሮፔለሩ ላይ ላስቲክ ወይም ጨርቅ ሲጠመጠም፥ ከኋላ ያለችውን ክዳን ከፍቶ ክንዱን ወደ ቀዝቃዛው ውሃ መክተት አለበት፤ ክዳኒቱን አጥብቆ ሳይዘጋ ሞተር ያስነሣ እንደ ሆነም ጀልባውን በገዛ እጁ ያሰጥማል። አመድ ማውጣት፥ የውሃ ማጠራቀሚያውን መሙላት፥ የመጸዳጃውን ዕቃ ተሸክሞ ወደ ማፍሰሻው መሄድም አለ። ይህን የመጨረሻውን ጸሐፊዎች ለጨዋነት ሲሉ ይዘሉታል፤ እኛ ግን መዝለሉን አልወደድንም፤ በከተማ ቤት የምንኖር ሰዎች ቆሻሻችን ወዴት እንደሚሄድ ሳናውቅ እናረጃለንና።

በዚህ ላይ ተቃዋሚ ቢነሣ ቃሉ ቀላል አይሆንም። ጀልባውን የያዘው ባለቤቱ ነው ወይስ ባለቤቱን የያዘው ጀልባው? ሥልጣኔስ ሰውን ከእንዲህ ያለው ድካም ለማውጣት የመጣ አይደለምን? ይህ አነጋገር እውነት አለው። በደንብ ያልተያዘ ምድጃ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ በብር እጦት ጀልባውን ለማውጣት ያልቻለ ሰው በሚሳሳ ብረት ላይ ተኝቶ ያድራል። የእርሱን ችግር ከሩቅ ሆኖ እንደ ምግባር ማወደስ ግፍ ነው። ስለዚህ ድካሙን ለድካምነቱ አናመሰግነውም። ነገር ግን ግራሶውን የሚያዞረው ሰው የሚያውቀውን አንድ ነገር መሐንዲሱ ሊረሳው ይችላል፤ ይኸውም የሰው ሥራ ሁሉ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ወደ መፍረስ የሚሄድ መሆኑ ነው። የምረቃ ቀን ሪባን የሚቈረጥለት ሥራ በማግሥቱ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ለዚያ ማግሥት ግን ሪባን አልተዘጋጀለትም።

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ከገዛ ጀልባ ወጥቶ የጋራ ወደ ሆነው ውሃ ሲደርስ ነው። ጠባቡ ሎክ ባንድ ጊዜ ወደ 100 ሺህ ሊትር ውሃ ከላይ ወደ ታች ይለቃል፤ ውሃውም የሚመጣው ከፍ ባለ ስፍራ ከተገደበ ማጠራቀሚያ ነው። በ2025 ድርቅ ማጠራቀሚያዎቹ ስለ ጎደሉ ብዙ ቦዮች ለጀልባ ተዘግተው ነበር። ስለዚህ ሎኩን ያለፈ ሰው፥ ዝናብ ቢሆን፥ ቢመሽም፥ ተመልሶ በሩንና የውሃ መልቀቂያውን መዝጋት ግዴታው ነው። በየሎኩ ዘበኛ አይቆምም። ዝንጉው ሰው ጥፋቱ ከመታወቁ በፊት ከመታጠፊያው ጀርባ ተሰውሯል፤ በጭቃ ላይ ተቀምጦ የሚያድረው ከኋላው የሚመጣ የማያውቀው ሰው ነው። እኛ በምግባር ትምህርት ከምናገኛቸው ምሳሌዎች ብዙዎቹ ጎረቤትን፥ ዘመድን፥ ቢያንስ ፊቱ የሚታይ ሰውን ይመለከታሉ። ይህ ግን ፊት ለሌለው ሰው የሚከፈል ዕዳ ነው።

የቦዩ ወለል ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ብሪንድሊ ውሃው እንዳይሰርግ ያደረገው የሸክላ አፈርን በውሃ አቡክቶና አስረግጦ በማልበስ ነው፤ ጭቃ ረግጦ ቤት የመረገ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። ያ ጭቃ ውሃ የሚይዘው እርጥብ እስከ ሆነ ድረስ ብቻ ነው፤ ቦዩ ቢደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቦይን ሳይነኩት እንዳለ ማቈየት የሚባል ነገር የለም፤ መተው ራሱ ማፍረስ ነው። በ1968 የወጣው ሕግ ቦዮቹን ለሦስት ሲከፍል፥ አንዱን ክፍል ቀሪ ብሎ ሰይሞ በአነስተኛ ወጪ ብቻ እንዲያዝ ፈቀደ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ገንዘብ ይቈጥሩ ነበር።

የቀረውን ያነሡት ያልታዘዙ ሰዎች ናቸው። ኤል. ቲ. ሲ. ሮልት በጀልባ ስለ መኖር የጻፈው መጽሐፍ በ1944 ታተመ፤ በ1946 ቦዮቹን ለማዳን ማኅበር ቆመ። ከዚያ ወዲያ መምህራን፥ ጸሐፊዎችና አናጢዎች በዕረፍት ቀናቸው እየመጡ ጭቃ ዛቁ። በ1810 ተከፍቶ የነበረው የኬኔትና የኤቨን ቦይ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የማይታለፍ ሆኖ ነበር፤ በዲቫይዝስ ከተማ ኰረብታ ላይ የተደረደሩት 29 ሎኮችም ፈራርሰው ነበር። ከብዙ ዓመታት ልፋት በኋላ በ1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ ቦዩን መልሰው ከፈቱት። ያችው የ1810 ቦይ ናትን? ሆብስ ቢኖር ይጠይቅ ነበር። እኛ ናት እንላለን፤ ምክንያታችንም ድንጋዩ አይደለም፤ ድንጋዩ ሲወድቅ የሚያነሣው ሰው ባለመታጣቱ ነው።

ዛሬ ክርክሩ ወደ ከፋዩ ተዛውሯል። ከ2012 ጀምሮ ወደ 2 ሺህ ማይል የሚሆነውን ውሃ የሚጠብቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ መንግሥት ከ2027 በኋላ የሚሰጠው ድጎማ እየቀነሰ እንደሚሄድ በ2023 ተነግሮታል። በ2024 ድርጅቱ ቋሚ ማቆሚያ በሌላቸው ጀልባዎች ላይ ተጨማሪ ክፍያ ጣለ። እነዚህ ሰዎች በ1995 ሕግ መሠረት ባንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ ሳይቆዩ ሲዘዋወሩ የሚኖሩ ናቸው፤ ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይክፈል የሚለውን ፍርድ እንደ በደል ቈጥረውታል። የሁለቱም ወገን ነገር ሚዛን ይደፋል። ይሁን እንጂ በቦዩ ዳር በነጻ የሚመላለሰው እግረኛ ከጀልበኛው እጅግ ይበዛልና፥ የጥበቃውን ወጪ በጀልበኛው ትከሻ ላይ ማብዛት ትክክል አይመስለንም።

ክረምት ሲገባ ጥቂት ሎኮች ውሃቸው ተመጥጦ የበሰበሱት በሮች ይነሣሉ። በሩ የሚሠራው ከባሉጥ እንጨት ሲሆን ዕድሜው 25 ዓመት ያህል ነው፤ ስለዚህ ከብሪንድሊ ዘመን የቆመ አንድ በር እንኳ የለም። አንዳንድ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ደረቀው ጕድጓድ ወርዶ እንዲያይ ይፈቀድለታል፤ በግድግዳውም ላይ የጥንት ድንጋይ ጠራቢዎች ያኖሩትን ምልክት ያያል። ከላይ በአዲሱ በር ግንድ ላይ ብዙ ጊዜ ዓመት ይጻፋል። ዓመቱ ሎኩ የተሠራበት አይደለም፤ በሩ የተለወጠበት ነው። የለወጠው ሰው ስም አልተጻፈበትም።