መጨረሻ ያለው ጨዋታ፦ ለትንሽ ልጅ የኮምፒውተር ጨዋታ ስለ መምረጥ

ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚመለስ የላስታ ተወላጅ፣ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ ለታናናሾቹ ልብስና ጫማ ይዞ መግባቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ከሻንጣው ታብሌት ወይም ያገለገለ ስልክ መውጣቱ እየተለመደ መጥቷል፤ በላዩ የተጫነው ጨዋታ ምን እንደሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰጪውም አያውቀውም። የልጁን እግር በክር አስለክቶ ጫማ የሚገዛ ሰው፣ ጨዋታ ሲሆን ከዝርዝሩ አናት ላይ ያገኘውን ጭኖ ማለፉ ያስገርማል፤ ጫማው ቢጠብ እግር ቢልጥ ነው፣ ጨዋታው ግን የልጁን ቀን ይዞ ይሄዳል።

በዚህ ምክር የኮምፒውተር ጨዋታ የሚባለው በስልክ፣ በታብሌት ወይም በላፕቶፕ የሚሠራው ሁሉ ሲሆን፣ ትንሽ ልጅ የሚባለውም ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለው፣ ፊደል በመቁጠር ላይ ያለ ወይም ገና ያልጀመረ ልጅ ነው። ለዚህ ዕድሜ የሚመርጥ ወጣት ከሥዕሉ ውበትና ከዋጋው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ ጨዋታው ያልቃል ወይስ አያልቅም ብሎ ነው። የላስታ ልጅ ከታላላቆቹ የወረሳቸው ጨዋታዎች የሚያልቁ ናቸው። ገበጣ፣ ማለትም መሬት ላይ በተማሱ ወይም በእንጨት ላይ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ጠጠር እየዘሩ የሚጫወቱት፣ አንደኛው ወገን የሚዘራው ጠጠር ሲያጣ ይፈጸማል፤ በገና ሰሞን ሩሯን በቆልማማ ዱላ እየመቱ የሚጋጠሙ ጎረምሶች ጀምበር ስትጠልቅ ይበተናሉ፤ የነሐሴው አሸንድዬም ቀኑን ጠብቆ መጥቶ ቀኑን ጠብቆ ይሄዳል። ድብብቆሽ እንኳ የተደበቀው ሁሉ ሲገኝ፣ አለዚያም እናት ለራት ስትጣራ ያበቃል።

ከስልክ ጨዋታዎች ግን ብዙዎቹ መጨረሻ እንዳይኖራቸው ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው። በነጻ የሚወርድ ጨዋታ ሠሪው በአብዛኛው ገቢውን የሚያገኘው በየመሐሉ ከሚገባው ማስታወቂያና «የውስጥ ግዢ» ከሚባለው ነው፤ የውስጥ ግዢ ማለት ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ለተጨማሪ ሕይወት፣ ለወርቅ ሳንቲም ወይም ለአዲስ ልብስ የሚጠየቅ እውነተኛ ገንዘብ ነው። ሁለቱም የሚያድጉት ተጫዋቹ በቆየ ቁጥር ስለሆነ፣ ልጁን «በቃኝ» የሚያሰኝ ነገር ለሠሪው ኪሳራ ይሆንበታል፤ ስለዚህም በየቀኑ ለተመላለሰ ብቻ የሚከፈት የሽልማት ሣጥን ይዘጋጃል፣ አንድ ቀን የቀረም ቆጠራው ከአንድ ይጀምርበታል። ዐዋቂን እንቅልፍ የሚነሣ ዘዴ የአምስት ዓመት ልጅ እንዲቋቋመው መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የአገር ልጅ ስለሠራው ብቻ ከዚህ ሚዛን የሚያመልጥ ጨዋታ የለም። አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ ያወጣው «ኩኩሉ» ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮን የሚያሳይ፣ መልኩም ጠረኑም የአገር ቤት የሆነ፣ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው፤ ዓይነቱ ግን ማለቂያ የሌለው ሩጫ ከሚባለው ወገን ስለሆነ፣ ዶሮዋ እስክትያዝ ትሮጣለች፣ ከተያዘችም በኋላ እንደ ገና ትነሣለች። ይኸው ድርጅት ያዘጋጀው የስልክ ገበጣ ለትንሽ ልጅ የተሻለ ነው፤ ዙሩ ያልቃል፣ አሸናፊው ይለያል፣ ደግሞም አያት ጨዋታውን ከልጁ ይበልጥ ያውቁታል፤ ስልክ አያውቁም ብሎ ሊያስተምራቸው የተነሣ ልጅ ሁለት ሦስቴ ተሸንፎ መነሣቱ አይቀርም።

የውስጥ ግዢን ነገር በተለይ ከባሕር ማዶ ስልክ የሚልኩ ታላላቆች ሊያስቡበት ይገባል። በላሊበላ የሚኖር ቤተሰብ በስልኩ ላይ የሚከፍልበት ካርድ ላይኖረው ይችላል፤ ያገለገለው ስልክ ግን የላኪው የባንክ ካርድ እንደ ተመዘገበበት ከመጣ፣ የሕፃን ጣት አንድ ቁልፍ በመንካት ዋሽንግተን ካለ ሒሳብ ገንዘብ ልታወጣ ትችላለች። ነገሩ በአሜሪካ ራሱ ያልታየ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የአገሪቱ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባቀረበው ክስ፣ ልጆች ወላጅ ሳይፈቅድ ለፈጸሙት ግዢ አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን፣ ጉግል ደግሞ ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞቻቸው ለመመለስ ተስማምተዋል።

በጨዋታው መግለጫ ላይ የሚታየው የዕድሜ ምልክትም ትርጉሙ ቢታወቅ ይጠቅማል። «ፔጊ» የሚባለው የአውሮፓ ምደባ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ጨዋታዎችን በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ16 እና በ18 ዓመት ይለያል፤ ቁጥሩ የሚናገረው ግን ስለ ይዘቱ፣ ማለትም ስለሚያስፈራው፣ ስለ ድብድቡና ስለ ንግግሩ እንጂ ስለ ክብደቱ አይደለም። 3 የተጻፈበት ቼዝ ለሦስት ዓመት ልጅ ይገባዋል ማለት አይደለም። ለሰዓቱ መጠን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ስክሪን ፊት የሚቀመጥበት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም እንደሚመረጥ ይመክራል።

የቦታው ሁኔታም ከምርጫው አይለይም። ላሊበላ በ2013 ዓ.ም. መገባደጃ በደረሰባት ጦርነት መብራት አጥታ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታለች፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት አልፈዋል። ስለዚህ ለዚህ ደጋ የሚገዛ ጨዋታ ኦፍላይን የሚሠራ፣ ማለትም አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ኔትወርክ የማይጠይቅ ሊሆን ይገባል፤ ይህንም ለማወቅ ከአዲስ አበባ ሳይነሡ ዳታውንና ዋይፋዩን አጥፍቶ ጨዋታውን መክፈት በቂ ነው። በዚያ ጊዜ አልከፍት ካለ ቡግና ወይም ጊዳን ገጠር ሲደርስ ይከፍታል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው።

እነዚህን ሁሉ ከሚያሟሉት መካከል «ተክስ ፔይንት» የሚባለው የሥዕል መሣሪያ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ ከ3 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ፣ ዋጋም ማስታወቂያም የሌለው፣ ከቋንቋዎቹም አንዱ አማርኛ የሆነ ነው። ሥዕል ሲያልቅ ያልቃል። ትንሽ ከፍ ላለው ልጅ ደግሞ ማይንክራፍት አለ፤ ዓለሙ በሙሉ ከኩብ ድንጋይና አፈር የተሠራ፣ ተጫዋቹ አንድ አንድ ኩብ እየፈነቀለ ወይም እየደረደረ የፈለገውን የሚያንጽበት ሲሆን፣ ፔጊ 7 የሰጠው፣ በገንዘብ የሚገዛ ጨዋታ ነው። ይህም ቢሆን መጨረሻ የለውም የሚል ተከራካሪ ቢነሣ አልተሳሳተም፤ ልዩነቱ ግን መጨረሻውን ልጁ ራሱ መወሰኑ ነው። በሌላ አገር ያለ ልጅ ቤት ሥራ ቢሉት ከመሠረት ተነሥቶ ኩብ በኩብ ላይ ይቆልላል፤ ቤተ ጊዮርጊስን ከጉድጓዱ አፋፍ ቁልቁል እያየ ያደገ ልጅ ግን ድፍን የድንጋይ ሜዳ መርጦ፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮ፣ ከጣሪያው ተነሥቶ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ከላይ ያሉትን፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡትን ሦስት መስቀሎች ሲቀርጽ አንድ ኩብ ያለ ቦታው ከፈነቀለ፣ ድንጋይ ጠራቢዎቹ ምንኛ ይጠነቀቁ እንደ ነበር ያን ጊዜ ይገባዋል፤ በጨዋታው የተፈነቀለው ኩብ ይመለሳል፣ በእነርሱ ጊዜ ግን የሚመለስ አልነበረም። እንዲህ ላለው ሥራ ጭራቅ ተጫዋቹን የማያጠቃበት፣ «ክሪኤቲቭ» የሚባለው ስልት ይመረጣል።

ሰጪው ልጁን አሠራሩን ስለ ማስተማር ብዙ መጨነቅ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት በወንጪና በሌላ አንድ የኢትዮጵያ መንደር፣ ፊደል ለማያውቁ ልጆች ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ አስቀምጦ ነበር፤ መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አግኝቷል፣ ከወራት በኋላም ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተዋል። የሚጎድለው አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ስለዚህ ስጦታው ከመሰጠቱ በፊት ሰጪው ራሱ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ይጫወተው፣ በበዓሉ ሰሞንም ከልጁ ጋር ጥቂት ዙር ይቀመጥ፤ ለግዢ የሚጠየቀውን የይለፍ ቃልም አስገብቶ፣ ለእናት ወይም ለአባት ለብቻቸው ይንገራቸው፤ የወንጪዎቹን ልጆች ያስታወሰ ሰው የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ልጁ ከትከሻው ኋላ አለመቆሙን ዞር ብሎ ያያል።