ጌታ የማይቆጣበት ሜዳ

የገና ጾም ተፈትቶ፣ ቅዳሴው አልቆ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ከሰዓት በኋላ የገናዋ ኳስ ሩር ትለጋለች። ከመካነ ኢየሱስ እስከ ጋይንትና ስማዳ፣ እንደ ሌላው የአማራ ደጋ ሁሉ፣ ጎበዙ ጫፉ የተቆለመመ ዱላውን ይዞ በየአገሩ ተከፍሎ መጫወቱ የቆየ ልማድ ነው።

በዚያ ሜዳ ላይ ሎሌ ጌታውን ይገጥም ነበር። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ሲሰድብ ባለማዕረጉም አይቀርለትም ነበር፤ በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገረውን ብሂል የማያውቅ የለም። በሌላ ቀን ቢነገር የሚያስገርፍ ቃል ያን ቀን ያስቅ ነበር።

ለንጽጽር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1559 ሠዓሊው ፒተር ብሩገል በአንትወርፕ አጠገብ የምትገኘውን የሆቦከንን የመንደር በዓል ሣለ፤ ሥዕሉ በመዳብ ተቀርጾ ታተመ። ጭፈራውም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰልፍም አለበት። ከሥሩ የሰፈረው ጽሑፍ ግን ገበሬዎች በእንዲህ ያለው በዓል እንደ እንስሳ ሰክረው መደሰት ይወዳሉ ይላል። ገበሬው ይታያል እንጂ አይናገርም። በገና ሜዳ የሚናገረው ራሱ ሎሌው ነበር፤ ትልቁ ልዩነት ይኸው ነው።

ነገር ግን የአንድ ቀን ነፃነት የዓመቱን ቀንበር ለማቅለል የተሰጠ ማስተንፈሻ ብቻ ቢሆንስ? ጥርጣሬው ከባድ ነው። ግብር በሚበላበት የምኒልክ አዳራሽ እንኳ፣ እልፍ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲጠግብ፣ መኳንንቱ ቀድመው፣ ሌላው በየማዕረጉ ተራ ይገባ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የወቀሰው አንዱ ሲራብ ሌላው ስለሚሰክር ነበር፤ ለማዕድ አንድ ላይ መቅረብ ብቻውን ሰውን እኩል እንደማያደርግ ያውቅ ነበር።

የገናው ልማድ ግን መሠረቱ ከጌታው ቸርነት የጠለቀ ነው። በሉቃስ ወንጌል የልደቱን ዜና መጀመሪያ የሰሙት መንጋቸውን በሌሊት የሚጠብቁ እረኞች ናቸው። ትውፊቱም ጨዋታውን የጀመሩት እነዚያው እረኞች፣ በደስታ፣ በያዙት በትር እንደሆነ ይናገራል። እንግዲያስ ሜዳው የእረኛው ነው፤ ጌታው እንግዳ ሆኖ ገባበት እንጂ ለሎሌው አልፈቀደለትም። ፈቃድ ከሆነ ፈቃጁ ይነሣዋል፤ የእምነት ነገር ከሆነ ግን ታኅሣሥ 30 ቀን ሎሌው ለምን እንደገና አንገቱን ደፋ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ገበሬውን ለጌታው ያስገበረው የጉልት ሥርዓት በሕግ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስንት ገና አለፈ።

ሌላም ያልተመለሰ ጥያቄ አለ። የሩር ጨዋታ የወንዶች ነበር። ጠላውን የጠመቀችው፣ ድፎውን የጋገረችው፣ ለእንግዳ ስትቆም የዋለችው ገረድ እመቤቷን በግጥም የምትወርፍበት ሜዳ በገና ቀንም አልነበራትም።